አንቱታ የቀረልኝ ቀን

በስልሳ ዓመቴ ሽማግሌ ላክሁ።

መሳቅ ይቻላል። ባሕር ዳር ያለችው ልጄም በስልክ ስነግራት "እማ፣ ሰውዬው ማን ነው?" አለችኝ። ሰውዬው አናጢ ነው። ሚስት አለው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ አማርኛ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ሽማግሌ የላክሁበትም ለትዳር ሳይሆን ለሥራ ነው። ተለማማጅ አድርገህ ተቀበለኝ ብዬ በራሴ አፍ ብለምነው እምቢ ስላለኝ፣ እኛ አገር እምቢ ያለን ሰው እሺ የሚያሰኙበትን መንገድ ተጠቀምሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት የሆነውን ነው ዛሬ የማወራችሁ። ጣቶቼ የተረፉት፣ አዲስ ሕይወትም የጀመርሁት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ግን ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። የተወለድሁት አምበር ነው። ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ለትምህርት ሲሆን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የጽሕፈት መኪና ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ። መኪናዬ ሲበላሽ ጠጋኝ እስኪመጣ አልጠብቅም ነበር፤ ራሴ ፈታትቼ፣ ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ እገጥመዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከመጻፉ ይልቅ መፍታቱ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። አንድ ቀን ቢሮ ስገባ መኪናዬ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል። ለእኔ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ነው መሰለኝ፣ ወደ ቤቴ ሸኙኝ።

የማታ ትምህርት ገባሁ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ልጄን አዝዬ ማለት ይቻላል፣ ከጎረምሶች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ተማርሁና የአማርኛ መምህርት ሆንሁ። ሰው ያኔም "በዚህ ዕድሜሽ?" ይለኝ ነበር። ማስተማሩን ወደድሁት፤ ግን እጄ አላረፈም። መሳቢያዬ ውስጥ ከጠመኔው ጎን መዶሻ አስቀምጥ ነበር። ዴስክ ሲሰበር ለአስተዳደር ጽፌ መልስ አልጠብቅም፤ በዕረፍት ሰዓት ራሴ እመታዋለሁ። ልጆቹ ከኋላዬ "ቲቸር መዶሻ" እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ያላወቅሁ መስዬ እኮራበት ነበር።

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ተራ በተራ እየተነሡ "እንግዲህ ይረፉ" አሉኝ። በአማርኛችን ዐረፈ ሲባል ሌላው ትርጉም ምን እንደሆነ ሳስተምር የኖርሁ ሴት ነኝና፣ ጋቢው ውስጥ ሆኜ ቀዘቀዘኝ።

በዚያው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ አምበር ወረድሁ። እናቴ ዘጠናን የደፈነች ይመስለኛል፤ እሷ ግን አልደፈንሁም ብላ ትከራከራለች። በር ላይ ተቀምጣ ያለ መነጽር ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

"ምነው በሥራ ቀን?" አለችኝ።

"ጡረታ ወጣሁ እኮ፣ እማዬ።"

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንቺ? ምን ሆነሽ?"

ምንም አልሆንሁም። ዕድሜ የሚወረስ ከሆነ ገና ሠላሳ ዓመት ይቀረኛል፤ አስተማሪ ሆኜ የሠራሁት እንኳ ያን ያህል አይሞላም። አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ ጋቢ ለብሼ ልቀመጥ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ መዶሻዋ ከመሳቢያ የምትወጣበት ጊዜ አሁን ነው ብዬ ወሰንሁ።

ያ አናጢ፣ አንተነህ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለው። የዋንዛ ቁም ሳጥን የሚፈልግ ሙሽራ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ተማሪ ሳለ ከክፍሉ ሁሉ ጨዋው እሱ ነበር። የትምህርት ቤታችንን ጥበቃ ጋሽ ዋሴን ልጆቹ ሁሉ "አንተ" ሲሏቸው እሱ ብቻ "እርስዎ" ይላቸው ስለነበር፣ ተውላጠ ስም ባስተማርሁ ቁጥር አስነሥቼ አስጨበጭብለት ነበር። ያ ጭብጨባ ዞሮ በእኔ ላይ እንደሚመጣ በምን ልወቅ!

ወርክሾፑ በር ላይ ስደርስ ሥራውን ጥሎ ተነሣ። "ቲቸር! ኧረ ይግቡ! ብርቱካን፣ ወንበር አምጪ!" ብርቱካን ሚስቱ ናት፤ ቫርኒሹን የምትቀባው እሷ ናት።

"ወንበር አልፈልግም" አልሁት። "መጋዝ ነው የምፈልገው። ሥራውን አስተምረኝ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእሱ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

"ቲቸር፣ እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማዝዝዎ? ይሄን አንሺ፣ ያንን ጥረጊ ልል ነው? ከአፌ አይወጣም። ጡር አለው።"

"በስምህ ውስጥ 'አንተ' አለ፤ ለሌላው 'አንቺ' ማለት እንዴት ይከብድሃል?"

"እባክዎ አይፈታተኑኝ" አለና ለስላሳ አስመጥቶ አጠጥቶ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። በክብር ተባረርሁ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤቴን መሪጌታ ፈንታን ያማከርሁት። መሪጌታ ሰባ አምስት የዘለሉ፣ ዛሬም ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ከእናቴ ሌላ በዚህ ምድር ላይ "አንቺ" የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

"ጡረታ 'ጦረ' ከሚለው ቃል የወጣ ነው" አሉ። "አንቺን የሚጦርሽ ማን ነው?"

"እጄ ነዋ፣ መሪጌታ።"

"እንዲህ ከሆነስ እጅሽን እንዳርልሽ" ብለው ሳቁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታና ጋሽ ዋሴ ነጠላቸውን መስቀልያ ለብሰው ወደ አንተነህ ቤት ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ዋሴ ናቸው። እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው "ያልነው ሳይፈጸምልን አንቀመጥም" አሉ። አንተነህ ሴት ልጁ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ስለሆነች ግራ ገባው። ጉዳዩን ሲሰማ ደግሞ ባሰበት፤ ደንግጦ የሙሽራ ወላጆች የሚሰጡትን መልስ ሰጠ፤ "ዘመድ ላማክር!"

"የምን ዘመድ?" አለች ብርቱካን ከጓዳ ወጥታ። "እኔ አለሁ አይደለም? ሰው ያንሰናል። አንተ ማዘዝ ካቃተህ እኔ አዝዛቸዋለሁ፤ እኔን አላስተማሩኝም!"

እስከ ቅዳሜ ሊሞክረኝ ተስማማ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳልጠይቀው ሽማግሌዎቹ በእኔ ስም ቃል ገቡለት። እንግዲህ የቀረኝ ይህቺ ሳምንት ብቻ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤት እንደምለብሰው ለብሼ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሄድሁ። አንተነህ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ነጠላውን አየ፤ የመጋዝ ማሽኑን አየ፤ እንደገና ነጠላውን አየ።

"ነጠላው… ያምርብዎታል፣ ቲቸር" አለኝ።

አመሰገንሁት። ጥለቱን አስተካክዬ ገባሁ።

ጉንደ ወይን ከተማ ለሚደረግ ሠርግ የታዘዘ ቁም ሳጥን እየሠራ ነበር። መኪናው ሐሙስ መጥቶ ስለሚጭነው ሥራው ይጣደፋል። ለበሩ የሚሆን አንድ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ሰጠኝና ልኩን ነገረኝ። በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ እንደ ጥቁር ሰሌዳው ጽሑፌ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ፣ በእጅ መጋዝ መቁረጥ ጀመርሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ አንተነህ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

"ጥሩ ነው፣ ቲቸር። እ… ምናልባት… መስመሩ ላይ… አይ፣ ግዴለም። እጅዎ ይባረክ።"

እጅዎ ይባረክ ሲለኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። መጋዙን ገፋሁት፤ ሳንቃው ለሁለት ተከፈለ። ማታ ቤቴ ስገባ ወገቤ ተቆርጦ፣ መዳፌ ተልጦ ነበር። ለልጄ ደውዬ "ዛሬ የቁም ሳጥን በር ቆረጥሁ" አልኋት። "አይ እማ!" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ኩራት ሰማሁ።

ማክሰኞ ስገባ በሩ ተገጥሞ ቆሞ ነበር። ልክክ ብሏል። እጄን እንጨቱ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁ። አንተነህ አንገቱን ደፍቶ ምስማር ይለቅማል።

መብራት ጠዋት ላይ፣ አንተነህ በማሽኑ መጋዝ እየቆረጠ ሳለ ድንገት ጠፋ። ማሽኑ የብረት ጠረጴዛ ነው፤ ከመሐሉ ክብ ምላጩ ብቅ ብሎ ይዞራል። መብራቱ ሲጠፋ ምላጩ እያቃሰተ ቆመ፤ አንተነህም እንጨቱን አውጥቶ ወደ እጅ ሥራ ዞረ። ማሽኑ ከማብሪያው አልጠፋም ነበር። እኔ ይህን አላስተዋልሁም።

ከምሳ በኋላ ብርቱካን "እትዬ፣ የማሽኑን ሰጋቱራ ይጥረጉልኝ" አለችኝ። ደስ እያለኝ ተነሣሁ። መጥረጊያው ማዕዘኑ ውስጥ አልደርስ ስላለኝ አስቀመጥሁትና በእጄ ልጠርግ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍሁ። የነጠላዬ ጫፍ ወደ ፊት ወርዶ ምላጩ ላይ ተጋደመ። ቀኝ እጄ ምላጩ ሥር ያለውን ሰጋቱራ ይጭራል።

አንተነህ ቀና ሲል አየኝ። ፊቱ ሲለዋወጥ በጎን ታየኝ።

"ቲቸር" አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና… ድፍረት አይሁንብኝ እንጂ… እንደው ካልተቸገሩ እዚያ ማሽኑ ላይ ባይ…"

ምን ሊል ነው ብዬ ፈገግ ብዬ እጠብቀዋለሁ። እጄን አላነሣሁም። ለምን አነሣለሁ? እንዲህ ባለ ዝግታ የሚነገር ነገር የሚያስቸኩል አይመስልም። ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል በራ።

"አንቺ! ዞር በይ!"

ክንዴን ጨምድዶ ወደ ኋላ ወረወረኝ። ምላጩ ሲያጓራና ነጠላዬ ከአንገቴ ላይ ተስቦ ሲሄድ አንድ ላይ ተሰማኝ። ሰጋቱራው ክምር ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። ነጭ ነገር ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር፣ ሲቀደድ፣ ሲበጣጠስ አየሁ። አንተነህ ዘሎ አጠፋው።

"እጅሽን አሳዪኝ! ሁለቱንም! ጣትሽን አንቀሳቅሺ! ለምን ትደገፊያለሽ? ዓይን የለሽም?"

እጆቼን ዘረጋሁለት። ጣቶቼ ሁሉም አሉ። አንድ በአንድ እየነካ አያቸው።

ፍርሃቱን ልደብቃችሁ አልችልም። ነገር ግን ከፍርሃቱ ጋር ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ደስታ ነው። ለሦስት ደቂቃ ያህል በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ቲቸር አልነበርሁም። ስሕተት ሠርታ የተቆጧት ተለማማጅ ነበርሁ። እንደዚያ የሚቆጣ ሰው የሚያስተምር ሰው ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንተነህ ግን ያለው ነገር በዚያች ቅጽበት ጆሮው ውስጥ ገባ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጉልበቴን ሊይዝ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከ። "ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ! ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ! እርስዎን እኮ አንቺ አልሁ!"

"ጣታቸው ስለተረፈ ተመስገን በል!" አለች ብርቱካን ከኋላ እየሮጠች መጥታ። "አንተ የምታለቅሰው ስለ አፍህ ነው?"

አልሰማትም። እኔም ግዴለህም ብለው፣ ብምል ብገዘት አልሰማኝም። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ወርክሾፑን ዘጋ።

ረቡዕ ጠዋት ስሄድ በሩ እንደተዘጋ ነበር። ሠርገኛው ነገ ዕቃውን ሊጭን ነው፤ አንተነህ ሥራ አቁሟል። ቆለፉን ይዤ ቆምሁ። አለቀ፣ ቀረ ማለት ነው፣ አልሁ በልቤ። ከዚህ በር በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉት አናጢዎች ሁሉ ወይ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ወይ የተማሪዎቼ ታናናሾች። ሁሉም ጨዋ ናቸው። ሁሉም ወንበር አምጥተው ለስላሳ አጠጥተው ይሸኙኛል።

ቤቴ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት መሪጌታና ጋሽ ዋሴ ናቸው፤ ነጠላቸውን መስቀልያ ለብሰዋል። ያው የእኔ ሽማግሌዎች፣ አሁን በእኔ ላይ ተልከው መጥተዋል።

"ይግቡ" አልሁ።

"ይቅር ሳትይን አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ ኮስተር ብለው። "የበደለሽን ሰው ይዘን መጥተናል።"

ከኋላቸው አንተነህ አጎንብሶ ቆሟል፤ ብርቱካን ከጎኑ አለች። በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። አንተነህ ግን ጫንቃው ላይ የተሸከመው ሳንቃ ነው።

"ድንጋይ አምጣ ብንለው ካገኘው ሁሉ ይሄን አንሥቶ መጣ" አሉ ጋሽ ዋሴ በኀፍረት። "አናጢ ነው፣ ምን ይደረግ።"

ሳንቃውን አየሁት። ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ነው። ጫፉ ላይ የእርሳስ መስመር አለ፤ ቀጥ ያለ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማሰምረው ዓይነት። የእኔ መስመር ነው። የእኔ በር ነው። አጥሯል፤ አንድ ስንዝር ይጎድለዋል። ቁም ሳጥኑ ላይ ማክሰኞ ጠዋት እጄን አሳርፌ የኮራሁበት በር እኔ የቆረጥሁት አልነበረም። አንተነህ ሰኞ ማታ እኔ ከሄድሁ በኋላ ሌላ ሳንቃ ፈልጎ ቆርጦ ገጥሞ፣ የእኔን ደብቆታል። እንዳላፍር ብሎ ነው።

ዓይኔ እንባ ሞላ። እነሱ ስለተሰደብሁ የማለቅስ መስሏቸው ተያዩ።

"መሪጌታ" አልሁ፣ "ይሄ ሰው በድሎኛል።"

"አፉን አጥቶ ነው፣ ልጄ። ድንጋጤ ነው።"

"በአፉ አይደለም። በሳንቃው ነው።" ሳንቃውን ከጫንቃው አወረድሁት። "ይሄን ስቆርጥ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። መሳሳቴን እያየ እጅዎ ይባረክ አለኝ። ነጠላዬ ማሽን እንደሚያስበላኝ እያወቀ ያምርብዎታል አለኝ። ትናንት ደግሞ ልሞት ስል ድፍረት አይሁንብኝ ይላል! በአንቺ ግን አልበደለኝም። በአንቺማ አተረፈኝ።" ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

አንተነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

"ካሳ እጠይቃለሁ" አልሁ።

"ካሳ መብትሽ ነው፤ ተናገሪ" አሉ መሪጌታ።

"ከወርክሾፑ ደጃፍ ወዲያ ስገባ አንቺ ይበለኝ። ከዚህ ያነሰ አልቀበልም።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። "ስንት ዘመን ሽማግሌ ሆንሁ! አንቱታ ተነፈግሁ ብሎ የሚከስስ ሞልቷል፤ አንቱታ ይቅርልኝ ብሎ የሚከስስ ግን ዛሬ ገና አየሁ።" ከዚያ ወደ አንተነህ ዞሩ። "ሰማህ? ካሳህን ክፈል።"

አንተነህ ግንባሩን ጠረገ። ብርቱካን በክርኗ ጎሸመችው።

"ነገ ጠዋት… አንቺ… ይምጡ" አለ።

ሃያ ምናምን ዓመት አማርኛ ያስተማርሁት በከንቱ አይደለም። "ባለቤቱና ግሡ አልተስማሙም፣ አንተነህ" አልሁት። "ድገመው።"

ጋሽ ዋሴ ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን አዞሩ። አንተነህም ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ ነው መሰለኝ አንደበቱን የፈታለት። ትንፋሹን ስቦ፣ ዓይኔን እያየ ተናገረ።

"ነገ በጠዋት ነይ። ሠርገኞቹ ሳይመጡ የምንጨርሰው አለ። ነጠላ እንዳትለብሺ። ሳንቃም ከመቁረጥሽ በፊት እኔን ጥሪኝ።"

"እሺ" አልሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሸልሜያለሁ፤ ጋቢም ለብሻለሁ። እንደዚያ ቀን የከበርሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

"እንግዲህ መቀመጥ ይቻላል?" አሉ መሪጌታ። ተቀመጡ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን በር እገጥማለሁ፣ መሳቢያ እሠራለሁ፣ ቫርኒሽ ከብርቱካን ጋር እየተጨቃጨቅሁ እቀባለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ አልዋሽም። ለእናቴ ክዳን ያለው የልብስ ሣጥን ሠርቼላት አምበር ይዤላት ሄጄ ነበር። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። "ክዳኑ ይንጋደዳል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይንጋደዳል። የሚቀጥለው አይንጋደድም።

እናንተ ጋቢ የለበሳችሁ፣ ወይም ሊያለብሷችሁ የተዘጋጁላችሁ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜያችን ረዝሟል፤ አንድ ሙያ አይሞላውም። እኔ ሦስተኛዬን ይዣለሁ፤ አራተኛ ቢመጣም በሬ ክፍት ነው። የሚከለክለን ጉልበት ወይም ዓይን ይመስለናል። እኔ እንዳየሁት ግን መጀመሪያ የሚከለክለን አንቱታችን ነው። ሰው ያከበረውን ሰው አያርመውም፤ ያልታረመ ሰው ደግሞ አይማርም። ስለዚህ አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ክብራችሁን በር ላይ አስቀምጡት። አይጠፋባችሁም። አንተነህ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ "እንደምን ዋሉ፣ ቲቸር" ይለኛል። ተያይዘን ደጃፉን እንደተሻገርን "ሙጫውን አምጪ፤ ትናንት ክፍቱን ትተሽው ደርቋል" ይለኛል። ሁለቱም ደስ ይሉኛል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ እናታችሁ ወይም የቀድሞ መምህራችሁ ሥራ አስተምሩኝ ብለው ሲመጡ ወንበር አታምጡ። መጋዝ አቀብሏቸው፤ ሲሳሳቱም ጩኹባቸው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ወደ ወርክሾፑ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ የመራ፣ ገና ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በከተማው አንቱ የተባለ። ሥራውን መልመድ እንደሚፈልግ አፍሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። አንተነህ መጥረጊያውን ጥሎ ቆመ፤ "ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎን እንዴት ብዬ…" ብሎ ሲጀምር ሰማሁት። ወንበር ፍለጋ ዓይኑ ሲንከራተት አየሁ።

መላጊያዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

"አንተ" አልሁ፣ "ኮትህን አውልቅና ግባ።"

ሰውዬው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ኮቱን አወለቀ።